ሠላሳኛው ገጽ ላይ ያልሞተው ሰው

ለትርሲትዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ከተለየሽኝ ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። እስከዛሬ ያልጻፍኩልሽ ረስቼሽ እንዳይመስልሽ፤ ዓይኔ ነው። አሁን ግን በርቶልኛል። ስትጨቀጭቂኝ የኖርሽበትን የዓይን ሞራ ሶስና ጎትታ ወስዳ አስገፈፈችልኝ። አንቺ እያለሽ እምቢ ያልኩትን ከሄድሽ በኋላ እሺ ማለቴ ሳያናድድሽ አይቀርም፤ ልጅሽን ታውቂያታለሽ፣ መላወሻ አሳጣችኝ። መስመሩ ከተጣመመብኝ ታገሺኝ። ዕድሜ ልኩን የከተማ አውቶቡስ መሪ ሲያሽከረክር የኖረ እጅ እስክሪብቶ ሲይዝ እንዲህ ነው።

የቤቱን ወሬ ላስቀድም። ሶስና ደህና ናት፣ ማስተማሯንም አልተወችም። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ልክ እንዳንቺ መቆጣት ለምዳለች። ቤታችንም አለ። ከእኛ በታች እስከ ራስ መኮንን ድልድይ ድረስ የነበረው ሰፈር ግን አብዛኛው የለም። ፈረሰ ሲባል ሰምቼ ነበር፤ ልቤ ያፈረሰው ግን ትንሽ ትንሹን ነበር። ከሐኪም ቤት ስመለስ ከታክሲ ወርጄ ቀና ብል ያ ሁሉ ሱቅ፣ ያ ሁሉ የእንጨት ሰገነት ጠፍቶ ሰፊ መንገድና ሰማይ ብቻ ታየኝ። «ዶክተሩ ዓይኔን አበላሽቶታል!» ብዬ መሀል መንገድ ላይ ጮህኩ። ሶስና መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥሎ አለቀሰች። ዓይኔማ ደህና ነው፤ ፒያሳ ናት የተለወጠችው። አሁንም ማኪያቶ ልጠጣ ስወጣ አንዳንዴ መታጠፊያው ይጠፋኛል። በዚህ መንገድ ስንት ዘመን አውቶቡስ የነዳሁ ሰው!

የጻፍኩልሽ ግን ለዚህ አይደለም። ግራ ገብቶኛል ትርሲት፤ የምጠይቀው ሰው ደግሞ ካንቺ በቀር የለም።

ነገሩ ያ መጽሐፍ ነው። ከምሳ በኋላ መስኮቱ ሥር ተቀምጠን ታነቢልኝ የነበረው። ዶክተር ምንትዋብ የምትባል የውሃ ተመራማሪ የከተማውን የመጠጥ ውሃ ስትመረምር በሽታ የሚያመጣ ነገር ታገኝበታለች፤ ከየት መጣ ሲባል ከአንድ ሚኒስትር የከብት ማረጃ የሚለቀቅ ፍሳሽ ሆኖ ይገኛል፤ ከዚያ ወዲያ ማሳደድና መሸሽ ነው። አንቺም ዕድሜሽን ውሃ ስትመረምሪ ስለጨረስሽ ከስድስት ኪሎ ገዝተሽ ስትመጪ «እስቲ እኛን ምን አድርገው እንደሣሉን ልይ» ብለሽ ነበር።

እኔ ግን የወደድኩት እሷን ሳይሆን ባሏን ነው። አምሳሉ! የአውቶቡስ ሹፌሩ! በእንጦጦ ቁልቁለት ፍሬን እምቢ ብሎት አውቶቡሱን በማርሽ ብቻ ያወረደው። መኪና ሲያቆም ሁልጊዜ አፍንጫዋን ወደ መውጫው አዙሮ የሚያቆመው። ሚስቱ ላብራቶሪ ስትውል ሽሮ ሠርቶ በምሳ ዕቃ የሚወስድላት፣ ሽሮውንም በጨው የሚገድለው። «ይሄ ደራሲ ያለጥርጥር ሹፌር ነበረ፤ እንዲህ ያለውን ነገር ወንበሩ ላይ ያልተቀመጠ አያውቀውም» ስልሽ ሳል ያዘሽ። ተደናብሬ ሄጄ ውሃ አመጣሁልሽ። ወይ እኔ ሞኙ!

መጨረሻ ያነበብሽልኝን ደግሞ እንደ ትናንት አስታውሰዋለሁ። ምንትዋብና አምሳሉ ማስረጃውን ይዘው የላብራቶሪው መጋዘን ውስጥ ተደብቀዋል። በሩ ተንኳኳ። ወዳጅ ይሁን ጠላት አይታወቅም። አምሳሉ እጁን መቀርቀሪያው ላይ አሳረፈ፣ ምንትዋብ ክንዱን ያዘችው። እዚህ ላይ መጽሐፉን ከደንሽና ደከመኝ አልሽ። ከፈተው ወይስ አልከፈተው፣ እሱን ብቻ ንገሪኝ ብዬ ለመንኩሽ። «ነገ አልኩህ እኮ፣ አንተ ሹፌር» አልሽኝ። በማግስቱ ሆስፒታል ገባሽ፤ ከዚያ በኋላ ወደ መስኮቱ አልተመለስሽም።

ሶስና ልትጨርስልኝ ፈልጋ ነበር፣ እኔ ነኝ እምቢ ያልኩ። ያንቺን ድምፅ በሌላ ድምፅ መተካት ከበደኝ። ዓይኔ ከበራም በኋላ መጽሐፉን መግለጥ ፈራሁ። ታዲያ ባለፈው ሰሞን እዚሁ ፒያሳ አንድ ካፌ ፎቅ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ እየተሰበሰቡ ስለ መጽሐፍ የሚያወሩ ሰዎች ይህንኑ መጽሐፍ ሊያነሡት ነው ብላ ይዛኝ ሄደች። መጨረሻውን ከሰው አፍ ብሰማው ይቀልለኛል ብዬ ኮቴን ለብሼ፣ ተላጭቼ፣ ደረጃውን እያለከለክኩ ወጣሁ።

ቀድማ የተናገረችው አንዲት የዩኒቨርሲቲ መምህርት ናት። ምንትዋብ ቀሚስ የለበሰች ወንድ ናት አለች፤ ደራሲው ሴት ልጅ ጎበዝ የምትሆነው እንባዋ ሲደርቅ ይመስለዋል ብላ አማረረች። ከጎኔ የተቀመጠ ሽበታም ጡረተኛ ደግሞ «ምን ነካሽ እቴ፣ እሷ ባትኖርበት መጽሐፉ የቀበሌ ስብሰባ ነበር» ብሎ ሰውን አሳቀ። ቀጥላ አንዲት መነጽራም የኬሚስትሪ ተማሪ ተነሣችና ፖለቲካው ልብ አንጠልጣይ ሆኖ ሳለ ሳይንሱ እንዳናደዳት ተናገረች። ምንትዋብ ውሃውን ቀድታ ሻይዋን ጠጥታ ሳትጨርስ ውጤቱ ይደርስላታል፤ እንዲህ ያለ ላብራቶሪ ካለ እኔም ልቀጠርበት አለች።

እዚህ ላይ አላስቻለኝም። «እንዴ! ምን ማለትሽ ነው የኔ ልጅ? ጀርሙ እስኪበቅል ቁጭ ብላ ስትጠብቅ ሰነበተች አይደለም እንዴ? አምሳሉ ሽሮ ያመላለሰላት ለምን ሆነና!» ብዬ ጮህኩ።

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። መምህርቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጋሼ፣ አምሳሉ የሚሉት ባለቤቷን ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አዎ፣ ሹፌሩ አልኳት። ዲፕሎማት ነው አለችኝ። ሹፌር በመጽሐፉ ውስጥ የለም። አምሳሉ ደግሞ ገና ሠላሳኛው ገጽ ላይ ይሞታል።

ሶስናን አየኋት፤ እሷም አፏን ከፍታ ታየኛለች። መጽሐፉን ከተማሪዋ እጅ ተቀብዬ ገለጥኩ። እውነትም አምሳሉ ከኤምባሲ ግብዣ ሲወጣ መኪናው ውስጥ ፈንጂ ጠምደውለት፣ በሦስት መስመር አልቋል። መርዶ እንዲህ አስደንግጦኝ አያውቅም። የኔንስ ሞት ረሳኸው ወይ ትይኝ ይሆናል። ያንቺንማ ሐኪሞቹ ቀደም ብለው ነግረውኝ ነበር፤ የአምሳሉ ግን ዱብ ዕዳ ነው።

ቤት ገብቼ የኛን መጽሐፍ ከመደርደሪያው አወረድኩና ሳምንቱን ሙሉ ሳነብ ከረምኩ። የእንጦጦው ቁልቁለት የለም። ምሳ ዕቃው የለም። ገጽ ማስታወሻ ያደረግሻት አሮጌዋ የአውቶቡስ ትኬት ግን አለች። ያለችበት ገጽ ላይ ሚኒስትሩ ፓርላማ ቆሞ ስለ ግድብ ንግግር ያደርጋል፣ ሦስት ገጽ ሙሉ። በር የለም፣ የሚያንኳኳም የለም። አንቺ እንግዲህ ያንን የተረገመ ንግግር እያየሽ ነው በሩን ያስንኳኳሽው!

መጀመሪያ ተናደድኩ፣ አልደብቅሽም። ወጣቶቹ እንደሚሉት ሙድ ይዘሽብኝ ነው? ሶስናን ታውቂ ነበር ወይ ብዬ አፋጠጥኳት። እሷም ወዲያኛው ክፍል ሆና ፈተና ስታርም እንደኔው መጽሐፍ የሚነበብ መስሏት እንደነበር ማለችልኝ። ከዚያ ቆይታ፣ አባዬ፣ መጽሐፉን የጀመራችሁት እኮ እማዬ የምርመራ ውጤቷን ተቀብላ የመጣች ሳምንት ነው አለችኝ። እሱን ከሰማሁ ወዲህ ንዴቱም ጠፋብኝ፤ የቀረኝ ግራ መጋባት ብቻ ነው።

በዚያ ሳምንት ባልና ሚስትን ሞት ሲለያያቸው ጮክ ብለሽ ማንበብ አቃተሽ? ወይስ የላብራቶሪው ውሸት አናዶሽ እሱን ስታርሚ ባሏንም አብረሽ አረምሽው? አውቅሻለሁ፣ ለስህተት ትዕግሥት የለሽም። ወይስ አንዴ በሕይወት ካቆየሽው በኋላ መግደያው ጠፋሽ? ሁሉንም አስቤዋለሁ። አንዱን ስይዝ ሌላው ያመልጠኛል።

ከሁሉም የሚያብሰለስለኝ ግን አንድ ቦታ አለ። ምንትዋብ ምሳ ዕቃውን ከአምሳሉ ተቀብላ፣ ጨው የበዛበትን ሽሮ ዝም ብላ በልታ ስትጨርስ፣ «አንተ ባትኖር ይህን ሁሉ አልችለውም ነበር» ትለዋለች። ያንን ስሰማ «አየሽ፣ ይቺ ሴትዮ ባሏን ታውቃለች፤ ካንቺ ትሻላለች» ብዬሽ ነበር። አንቺም «እሱስ ልክ ነህ» አልሽ፣ ማንበብሽንም ቀጠልሽ። ያንን ዓረፍተ ነገር ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ፈለግሁት። የለም። በትዳር ዘመናችን ሁሉ እንዲህ ብለሽኝ አታውቂም፤ ምስጋና ከአፍሽ አይወጣም ነበር፣ እኔም አልጠበቅሁም። ታዲያ ማን ነው የተናገረው? ምንትዋብ ናት ወይስ አንቺ ነሽ? ለአምሳሉ ነው ወይስ ለኔ? እኔ ደግሞ ምን ብዬ መለስኩልሽ! ያኔ ባውቅ ኖሮ ዝም ብዬ እጅሽን እይዝ ነበር። ይኸው አሁን እንዲህ ሆኜ ቁጭ ብያለሁ።

ቅዳሜ ተመልሼ አልሄድም ብዬ ነበር፤ አፈርኩ። ሶስና ግን ሰዎቹ እየደጋገሙ ይጠይቁሃል ብላ ወሰደችኝ። ሄድኩና ያንቺን መጽሐፍ ነገርኳቸው። የነሱን ትተው አንድ ከሰዓት ሙሉ ያንቺን ሰሙ። ተማሪዋ የጀርሙ ማሳደጊያ ጋ ስደርስ «እንደዚህ ነዋ!» ብላ አጨበጨበች። ጡረተኛው ሚኒስትሩን አሁንም አልወደደውም። መምህርቷ ምንትዋብ በዚህኛው ታለቅሳለች ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ታለቅሳለች፣ ሥራዋን ግን አታቆምም አልኳት። አንገቷን ነቀነቀችና እቺንማ አውቃታለሁ አለች። ትርሲትዬ፣ ኩራቴን ብታይው! እነዚያ ሁሉ የተማሩ ሰዎች ስላንቺ መጽሐፍ ሲከራከሩ እኔ እንደ ደራሲ ባል እግሬን አነባብሬ ማኪያቶዬን እጠጣለሁ።

በመጨረሻ ተማሪዋ ያንኑ ያንቺን በር ጠየቀችኝ። ታዲያ ጋሼ፣ ከፈተው ወይስ አልከፈተው? ሁሉም አፍ አፌን ያያል። አላውቅም አልኩ። በቃ እርስዎ ይጨርሱታ አሉኝ፤ ጡረተኛው ይክፈት፣ ወዳጅ ነው የመጣው አለ፤ መምህርቷ እንዳይከፍት ብላ ተቃወመችው። ሲጨቃጨቁ ትቻቸው ወረድኩ።

እኔ አልጨርሰውም። ያንቺ ድርሰት ነው፣ እጄን አላስገባበትም። ያነበብሽልኝን ግን አንዱንም አልረሳም፤ ሽሮውን፣ ቁልቁለቱን፣ ሳልሽን፣ ያንን ዓረፍተ ነገርም። ለኔ ይሁን ለአምሳሉ ባላውቅም ለኔ ነው ብዬ ወስጄዋለሁ፤ ካልሆነም ስንገናኝ ትቀሚኛለሽ። አምሳሉ እዚያው ቆሟል፣ እጁ መቀርቀሪያው ላይ ነው፤ ምንትዋብም ክንዱን እንደያዘችው ናት። በሩ እስካልተከፈተ ድረስ አትለቀውም። ትኬቷንም ካለችበት ገጽ አላነሣኋት። አንቺ ነገ ብለሻል፤ እኔም ምሳዬን በልቼ መስኮቱ ሥር እቀመጣለሁ።

ሹፌርሽ