በብልቃጥ ውስጥ ስለዳነው በሽታ

ለተከበሩ የምርምር ተቋማችን ዋና ዳይሬክተር

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ ይብዛ፤ ድምፅዎም አይዛግብዎ፤ ሬዲዮኑ ያለ እርስዎ ምን ይውጠዋል? እኔ በሁለተኛው ፎቅ ቤተ ሙከራ የእሬት ቅጠል ስሰነጥቅ የከረምኩት ተመራማሪ ነኝ። ጊዜዎን እንዳልሻማ አቤቱታዬን በቁጥር አድርጌዋለሁ።

፩. ከእሬቱ ዝልግልግ ያወጣሁት ፖሊሳካራይድ፣ ማለትም ረጅም የስኳር ሰንሰለት፣ የአንቲኦክሲዳንት ባሕርይ፣ ይኸውም ሕዋስን ከሚጎዱ ቅንጣቶች የመከላከል ጠባይ፣ እንዳለው ጽፌ ነበር። ይህንንም ያወቅሁት በብልቃጥ ካለ ሐምራዊ ፈሳሽ ጋር ሳቀላቅለው ቀለሙ ወደ ቢጫ ሲነጣ አይቼ ነው። ሰው ላይ እንዳልተሞከረም አስምሬበታለሁ። እርስዎ ግን ከዚያው እሬት አስፈጭተው ለመድኃኒት ቤቶች ያከፋፈሉት ዱቄት የስኳር በሽታን ከሥሩ ይነቅላል ብለው በሬዲዮ አበሠሩ። ከብልቃጥ እስከ ሰው ያለውን የዓመታት መንገድ በአንድ ትንፋሽ ስለጨረሱልን ምስጋናዬ የላቀ ነው።

፪. ያሳደገችኝ አክስቴ ስኳር አለባት። እርስዎን ሰምታ ኢንሱሊኗን አቆመችና ዱቄቱን በውኃ እየበጠበጠች መጠጣት ያዘች። ጎረቤቷ ብትመክራትም «ልጄ ከምትሠራበት ቤት የወጣ ነው፤ ልጄ ደግሞ አታታልለኝም» አለቻት። ማድቤት ወለል ላይ ራሷን ስታ ያገኘኋት እኔ ነኝ። ሐኪሙ መድኃኒቷን ለምን እንዳቆመች ሲጠይቀኝ የተቋማችንን ስም ሸሽጌ «ከሬዲዮ ሰምታ ነው» አልኩት። ፈጣሪ ይመስገን፣ ተርፋለች። ለዚህ ግን ዱቄትዎን አላመሰግንም፤ የታደጋት ያው የናቀችው መርፌ ነው።

፫. ይህንኑ ልነግርዎ ቢሮዎ ስመጣ በአክብሮት አስቀምጠውኝ፣ ሙከራው በሰው ላይ ተደርጓል የሚል ወረቀት ወደ እኔ ገፋ አድርገው «ሕዝብ ተስፋ ይፈልጋል፤ ፈርሚ» አሉኝ። አልፈርምም ስልዎ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት አዛወሩኝ። የተሰበሩ ወንበሮች እንደ ባልደረባ ምንኛ ሐቀኛ እንደሆኑ ስላስተማሩኝ ውለታዎ አለብኝ።

አሁንም አልፈርምም። የምርምሬን ውጤት ከነገደቡ በተቋሙ በር ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ፤ ማን እንደሆነ ለማጣራት ኮሚቴ በማቋቋም አይድከሙ። አክስቴም ከሆስፒታል በወጣች ማግስት በዚያው ሬዲዮ ቀርባ የደረሰባትን በገዛ አንደበቷ ተናግራለች። ከዚያ ወዲህ መድኃኒት ቤቶች ዱቄቱን በካርቶን እየመለሱ ስለሆነ፣ ግምጃ ቤቴ ቦታ እየጠበበው ነው።

ወንበርዎን የሚያከብሩትን ያህል እውነትን ያከብሩ ዘንድ ከልብ የምመኝልዎ፣ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣ ግን የማላጎነብስ፣

የግምጃ ቤት ተመራማሪዎ

ይድረስ ከተባለ በኋላ የታወሰ፦ ያን ዕለት ወረቀቱን ሳነብ፣ እርስዎ ከመሳቢያዎ የስኳር በሽታ ክኒን አውጥተው ሲውጡ አይቻለሁ። ክቡርነትዎ፣ እባክዎን አያቋርጡት።