አባዬ በመጠይቁ ላይ ያልነገረኝ

ውድ አባዬ፣

ሰላም ለአንተ ይሁን። ከተለየኸን አስራ አራት ወር ሆነ። ይህን የምጽፍልህ እዚሁ ናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ ሰፈር ቤታችን፣ ቁርስ ከተነሣ በኋላ፣ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ሆኜ ነው። እማዬ ከጎረቤታችን ጋር ገበያ ወጥታለች። እኔ ዛሬ ሥራ የለኝም። ትናንት የማስተርስ ጥናቴን ፈታኞቹ ፊት አቅርቤ አለፍኩ። ሁሉም እንኳን ደስ አለሽ አሉኝ። አንተ ግን ከደስታው በፊት ልትሰማው የሚገባ ነገር አለ።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርህ። እማዬ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ደህና ናት። አንተ ትቀመጥበት የነበረውን ወንበር በመጀመሪያዎቹ ወራት ማንም እንዳይነካው ትከለክል ነበር፤ አሁን ራሷ ትቀመጥበታለች። አከራዩ ስንት ጊዜ የጨቀጨቅክበትን የሚያፈስ የውሃ ታንከር በመጨረሻ ቀየረልን። እኔ አሁንም እዚያው ሆስፒታል፣ እዚያው የኩላሊት እጥበት ክፍል ነኝ። ኬንያውያን ባልደረቦቼ ዛሬም ድረስ "ሙዜ ዋ ሎሪ" እያሉ፣ የሎሪው ሽማግሌ ማለታቸው ነው፣ ያነሱሃል።

ሎሪውስ እውነት ነው። ከአዲስ አበባ ሞያሌ፣ ከሞያሌ ናይሮቢ ሠላሳ ዓመት ጭነት አመላለስክ። አንድም ቀን ያልተለካኸው ደም ግፊት ግን ኩላሊትህን በላው። ከዚያ በኋላ በሳምንት ሁለት ቀን፣ አራት አራት ሰዓት፣ እኔ በምሠራበት ክፍል ከማሽን ጋር ታስረህ ሁለት ዓመት ኖርክ።

ጥናቴ የተጀመረው ከዚያው ክፍል ነው። ታካሚዎች ሕመማቸውን፣ እንቅልፋቸውን፣ ጥማታቸውን፣ ኑሯቸው እንዴት እንደሆነ የሚጠየቁበት መጠይቅ ነበረን። የተጻፈው ግን በእንግሊዝኛና በስዋሂሊ ነው። ሁለቱንም በደንብ የማይችሉት የእኛ ሰዎች ማንም ሳይጠይቃቸው ይመጣሉ፣ ይታጠባሉ፣ ይሄዳሉ። እኔ መጠይቁን ወደ አማርኛ መልሼ የእነሱን ኑሮ ላጠና ተነሣሁ። ትርጉሙን በሰው ላይ መሞከር ነበረብኝና የመጀመሪያው ሰው አንተ ሆንክ።

ማክሰኞ ጠዋት ነበር። እጥበቱ ከጀመረ አንድ ሰዓት ያህል ሆኖታል። "የሕይወት ጥራት" የሚለውን ሳነብልህ አስቆምከኝ።

"ጥራት ለጨርቅ ነው እንጂ ለሰው ሕይወት ይባላል እንዴ?" አልከኝ። አጠገብህ ባለው ወንበር የሚታጠቡት እትዬ ሐሊማ እንኳ ሳቁ። ኢስትሊ ገበያ ጨርቅ ነጋዴ ናቸውና ነገሩ ደስ አላቸው።

ከዚያ ጥያቄዎቹን ጀመርኩ። ሕመም አለህ? አልሐምዱሊላህ። እንቅልፍስ? አልሐምዱሊላህ። ጥማቱስ? "ምንም አይል።" እያንዳንዱን ምልክት አደረግሁ። ከዚያ ሕመሙ ከጉዞ ምን ያህል እንደከለከለህ ጠየቅሁህ። ቀና ብለህ ትንሽ አየኸኝ።

"ምንም አልከለከለኝም" አልክ።

አባዬ፣ ይህ እውነት እንዳልሆነ አውቅ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ከናይሮቢ አልወጣህም። ሞያሌ ሄደህ እህትህን አክስቴ ዘሀራን ለማየት ሦስት ጊዜ ጠይቀኸኛል። ሦስቱንም ጊዜ "ትንሽ ይሻልህና" ብዬ ዘጋሁት። ይህን ሁሉ እያወቅሁ "ምንም" በሚለው ሳጥን ውስጥ ምልክት አደረግሁ። ቀጣዩ ታካሚ እየጠበቀኝ ነበር፤ ምክንያቱ ግን እሱ አይደለም። አንድ ጊዜ ደግሜ ብጠይቅህ መልሱን መስማት ግድ ይሆንብኝ ነበር።

ከሦስት ወር በኋላ፣ አንድ ዓርብ ጠዋት፣ ሱብሂን ሰግደህ እንደተቀመጥክ ልብህ ቆመ። እማዬ ሻይ ይዛ ስትመጣ አልመለስክላትም።

ሥራ የተመለስኩት ከአስር ቀን በኋላ ነው። እትዬ ሐሊማ ከወንበራቸው ሆነው በእጃቸው ጠሩኝ። መርፌያቸውን አስገብቼ እስክጨርስ ጠበቁና "ሰዓዳ፣ አባትሽ እዚህ ወንድሜ ነበር። ይህን ነገር በሆዴ ይዤ መቆየት አልቻልኩም" አሉኝ።

አየር ማቀዝቀዣው ልክ ከአንተ ወንበር በላይ ስለነበር አራቱን ሰዓት ሙሉ ትንቀጠቀጥ እንደነበር፣ እኔ ስመጣ ግን እጅህን ጭንህ ሥር ትደብቅ እንደነበር ነገሩኝ። ኩላሊቱ የማይሠራ ሰው ውሃ ስለሚመጠንበት ጥማቱም ነበረ። በወጣትነትህ መርሳቢት በረሃ ላይ መኪና ተበላሽቶብህ ያለ ውሃ ሁለት ቀን መቆየትህን አውርተህላቸው፣ "ያኛው መጨረሻ ነበረው" ብለሃቸዋል። የሞያሌውንም ነገር ያውቁታል። ለምን ለልጅህ አትነግራትም ብለው ሲጠይቁህ የመለስክላቸውን ቃል በቃል ነገሩኝ።

"ሌላ ነርስ ቢጠይቀኝ እናገር ነበር። እሷ ስትጠይቀኝ ግን ልጄ ናት። ቀን እዚህ፣ ማታ ቤት ትደክምልኛለች። ደግሞ ይህን ልጨምርባት?"

የእጥበቱ ፈሳሽ የሚቀመጥበት መጋዘን ገብቼ ካርቶን ላይ ተቀመጥኩ። እውነቱን ልንገርህ፣ መጀመሪያ አላለቀስኩም። ተቆጣሁህ። በአንድ ብርድ ልብስ የሚፈታ ነገር እንዴት ትደብቀኛለህ ብዬ ከአንተ ጋር ተጣላሁ። ማልቀሱ የመጣው ቤት ገብቼ ያንን መጠይቅ ሳወጣው ነው። ምልክቶቼ ሁሉ ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር ተደርድረዋል። ምንም፣ ምንም፣ ምንም። እንኳን ነርስ፣ ማንም ሰው ቢያየው እንዲህ ያለ ሰው እንደሌለ ያውቃል።

በማግስቱ የጥናት አማካሪዬ ዘንድ መሃል ከተማ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና "ሌሎቹን ታካሚዎችስ ማን ነው የጠየቃቸው?" አለችኝ።

"እኔ" አልኳት።

"መርፌውን የምትወጊያቸውስ?"

"እኔው ነኝ።"

  ማሽናቸውን የምከፍተውም የምዘጋውም እኔ ነኝ። መርፌ በያዘች እጅ ላይ ማን ቅሬታ ያሰማል? ያንተን ብቻ ሳይሆን የሰበሰብኩትን ሁሉ ከጥናቱ አወጣን። አዲስ ፈቃድ መጠየቅ፣ እንደገና መጀመር ነበረብኝ። አብረውኝ የተማሩት ሲመረቁ እኔ ከተመልካቾቹ ጋር ቁጭ ብዬ አጨበጨብኩ። እማዬ ለምን እንደቀረሁ ስትጠይቀኝ ወረቀት አልተሟላልኝም አልኳት። ያኔ መዋሸትን ከማን እንደወረስኩ ገባኝ።

ሁለተኛውን ዙር የጠየቁት ከሆስፒታሉ ውጭ ያሉ አማርኛ ተናጋሪ ሴቶች ናቸው። በማሽኑ አጠገብ አይደለም፤ ታካሚው በማይታጠብበት ቀን፣ ራሱ በመረጠው ቦታ ነው። ከመጠይቁ በፊትም አንድ ጥያቄ ጨመርን፤ ከመታመምህ በፊት ታደርገው የነበረ፣ አሁን የተውከው ነገር ምንድን ነው የሚል። አባዬ፣ ሰዉ ለካ የሚናገረው ሞልቶታል። አንዷ እናት መርፌ ለሚገባበት ክንዷ ፈርታ የልጅ ልጇን አንድም ቀን ታቅፋ እንደማታውቅ ተናገረች፤ ችግሩ በደንብ ያልተነገራት ምክር ነበር፣ በሌላው ክንዷ ማቀፍ እንደምትችል ነገርናት። አንድ ሽማግሌ ደግሞ የፈለገው በስሙ መጠራት ብቻ ነው። ሁሌ በወንበሩ ቁጥር እንጠራው ነበር፤ እኔም ጭምር።

ብርድ ልብስ አሁን በየወንበሩ አለ። ከአየር ማቀዝቀዣው ሥር የነበረውን ያንተን ወንበር ወደ ግድግዳው አዛወርነው። የተቀየረው ይኸው ነው፣ ብዙ አይደለም። ፈታኞቼም ትናንት ይህንኑ አሉኝ፤ ጥናትሽ ትንሽ ነው፣ ግን እውነት ነው አሉ።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። እትዬ ሐሊማ ያችን አዲሷን ጥያቄ ሲጠየቁ ሞያሌ ያለችው ልጃቸው ልትወልድ መሆኑን፣ እሳቸው ግን ከማሽኑ መራቅ እንደማይችሉ አምነው እንደተዉት ተናገሩ። ሐኪማችንና እኔ ስልክ መደወል ጀመርን። በመንገዱ ላይ እጥበት የሚሰጥ ሆስፒታል አለ፤ የሕክምና ወረቀታቸውን ልከን እንዲቀበሏቸው ተስማማን። ለዚህ ሁሉ የፈጀብን ሁለት ቀን ነው። ሁለት ቀን ብቻ፣ አባዬ። አንተ ሁለት ዓመት ጠብቀኸኝ ነበር።

ሄደው የልጅ ልጃቸውን አቅፈው ተመለሱ። በጠጡት ፈሳሽ ክብደታቸው ትንሽ ጨምሮ ነበር፤ ሐኪሙ ተቆጣቸው፣ እሳቸውም ሳቁበት። ከዚያ እኔን ጠርተው አክስቴ ዘሀራ ቤት ሄደው እንደነበር ነገሩኝ። አክስቴ ለቅሶ ለመድረስ እንደመጣ እንግዳ ተቀብላቸው፣ መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀቻቸው።

"ወንድሜ እነዚያን ዓመታት ለምን አልመጣም? ተቀይሞኝ ነበር?"

"ምን አሏት?" አልኳቸው።

"ምንም አላልኳትም። መልሱ ያንቺ ነው" አሉኝ።

ልነግራት ስልኩን አነሳሁና ዘጋሁት። በስልክ የሚነገር አይደለም። በሚቀጥለው ወር ፈቃድ ወስጃለሁ፤ እማዬና እኔ በአውቶቡስ ወደ ሞያሌ እንሄዳለን። እማዬም ከመንገዳችን በፊት ሁሉንም ከእኔ ትሰማለች፤ ዛሬ ከገበያ ስትመለስ እነግራታለሁ። አክስቴ ፊት ስቀመጥ ደግሞ እንዳልተቀየምካት፣ ሦስት ጊዜ ልምጣ እንዳልክ፣ ያስቀረሁህም እኔ እንደሆንኩ እነግራታለሁ። ልትቆጣ ትችላለች። ብትቆጣ እሰማታለሁ፣ አላቋርጣትም።

አላህ ይርሐምህ አባዬ። በመንገዱ ላይ አንተ ጎማ የቀየርክባቸውን፣ ሻይ የጠጣህባቸውን ከተሞች ለእማዬ በየስማቸው እየጠራሁ እነግራታለሁ፤ አንድም አልረሳም። አንተንም እስካለሁ ድረስ አልረሳህም።

ልጅህ ሰዓዳ