እማዬ ጠዋት ጠዋት የምትጠጣው

አንኮበር
ነሐሴ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ እትዬ ሮዳስ፣

እንዴት ብዬ እንደምጽፈው አላውቅም፤ እማዬን ልገድላት ነበር መሰለኝ። ትናንት ከደብረ ብርሃን ስትደውዪ «ሁላችንም ደህና ነን» ያልኩሽ አባባ አጠገቤ ስለነበሩ ነው።

ከሰኔ ጀምሮ አባባ ለእማዬ የስኳር በሽታ መድኃኒት ያደርጉላታል። ግራዋና ስሙን ያልነገሩኝ አንድ ሥር ነው። የምለቅመው እኔ ነኝ። ጎህ ሲቀድ ወጥቼ እስክመለስ ማንንም ሰላም አልልም፤ ምን እንደሆነም አልናገርም። ከተነገረ ኃይሉን ያጣል ይላሉ። «አንቺን የመረጥኩሽ አፍሽ ስለማይከፈት ነው» ሲሉኝ ደስ አለኝ። ጎረቤታችን እትዬ ጌጤ እንኳ «ይቺ ልጅ ድምፅዋን ለማን ነው የምትቆጥበው?» እያሉ ነው የሚስቁብኝ።

እማዬ የጤና ጣቢያውንም ኪኒን ትውጣለች፣ የእኛንም ትጠጣለች። ፍልሰታ ከገባ ደግሞ መድኃኒቶቹን ብቻ ወስዳ ቅዳሴ እስኪወጣ እህል አትቀምስም።

ትናንት ቤተ ክርስቲያን ቆመን ላብ አጠመቃት። እጇ ይንቀጠቀጣል። ስጠራት በአንቺ ስም ጠራችኝና ወደቀች። አንዷ «ዓይን ነው» አለች፣ ሌላዋ ጠበል ልታመጣ ሮጠች። እትዬ ጌጤ ግን «ምን ትጎለታላችሁ፣ አንሡአት!» ብለው ጮኹ። ተሸክመን ጤና ጣቢያ ስናደርሳት ነርሱ ልዑል ጣቷን ወግቶ ስኳሯን ለካ፤ ሠላሳ ስምንት ብቻ። «ትንሽ ብትዘገዩ አትደርሱላትም ነበር» አለ። ግሉኮስ በክንዷ ሰጣት። ስትነቃ ጣፋጭ ሻይ አቀረቡላት።

«ቅዳሴ ሳይወጣ ስኳር ልታጠጡኝ?» ብላ ተቆጣች። ሁሉም ሳቁ፤ እኔ አልሳቅኩም።

ልዑል «ከኪኒኑ ሌላ የምትወስደው አለ?» አለ። አባባ «ከጠበል በቀር ምንም» አሉ። ወደ እኔ ዞሮ «አንቺስ፣ የምታውቂው አለ?» ሲለኝ መሬት መሬት አየሁ።

ስንመለስ አባባ ደስ ብሏቸው ነበር። «ሦስት መቶ ሲሉን የነበረው ወረደ እኮ! ሥሩ ሠራ ማለት ነው። ዛሬና ነገ ትረፍ፤ ከነገ ወዲያ እጥፍ አድርገሽ አምጪ» አሉኝ። ከነገ ወዲያ ያሉት ነገ ነው። እማዬም «አሥር ቀን ለቀረው» ብላ ዛሬም ሳትበላ ዋለች።

አባባ ክፉ አይደሉም። ወድቃ ሳለች እጇን ይዘው ሲያለቅሱ አይቻለሁ። መድኃኒቱ ይሥራ አይሥራ እኔ አላውቅም። በባዶ ሆዷ ሁለቱ ሲገናኙ ምን እንዳደረጓት ግን አይቻለሁ። ብናገር፣ ከደነባ ድረስ ለመድኃኒት እሳቸውን ብሎ የሚመጣው ሰው ምን ይላል? ዝም ብልስ?

ለእማዬ ጸልዪላት። አንቺንም እመቤቴ ከፋብሪካው ማሽን ትጠብቅልኝ።

ነገ ማልጄ እወጣለሁ። ቅጠሉንም ሥሩንም እቆርጣለሁ፤ ቤት ግን አልገባም። ጤና ጣቢያው በር ላይ ቁጭ ብዬ ልዑልን እጠብቃለሁ። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ስንት ጠዋት እንደጠጣች እነግረዋለሁ። ድምፄ እምቢ ቢለኝ ብዬ በሌላ ወረቀት ጽፌዋለሁ። ከዚያ ቤት ሄጄ ለአባባ እነግራቸዋለሁ። ለእሳቸው የሚሆን ወረቀት ግን መጻፍ አልቻልኩም።

እህትሽ ፍቅርተማርያም