የሚጠብቅ ስክሪን

ሀና ማርያም፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለፍሮምሳ፣ ለልጄ አባት

እንደምን ከርመሃል? እኔና ለሊሴ ደህና ነን። መጀመሪያ የምትስቅበትን ልንገርህ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ብዙም አያስቅም።

ትናንት ኮምፒውተር ሱቅ ገብቼ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ አንድ ስክሪን ፊት ቆሜ መነጽሬን በነጠላዬ ጫፍ እጠርጋለሁ፣ እጠርጋለሁ። ጌሙ ውስጥ የሚሮጠው ሰውዬ ወገቡ ላይ ተቀዶ፣ ደረቱ ቀድሞ እግሩ ወደኋላ ቀርቶ ይታየኛል። በመጨረሻ “ይቺን መነጽር የሸጠልኝ ሰውዬ ሌባ ነው!” ብዬ ጮህኩልህ። ሱቁ በሳቅ ፈረሰ። ለሊሴ በሃፍረት ክንዴን ይዛ፣ “እማዬ በናትሽ! ዓይንሽም መነጽርሽም ደህና ነው። የተቀደደው ምስሉ ነው” አለችኝ።

ለካ አንተ በስልክ ስትነግረን የከረምከው ይህንኑ ነው! “አዳፕቲቭ ሲንክ የሌለው ስክሪን እንዳትገዙ። እኔ ይዤ እመጣለሁ፣ ጠብቁ።” ለሊሴ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ስትወስድ ጠብቁ አልክ። ዩኒቨርሲቲ ስትገባ፣ የተሻለ ሞዴል ሊወጣ ነው፣ ጠብቁ አልክ። ልጅህ ነፋስ ስልክ ጌም ቤት ወረፋ እየያዘች ተጫወተች። “አንቺ፣ ቤት ሄደሽ ወጥ አትሠሪም?” ይሏታል ወንዶቹ። “ቁጭ በል፣ እዚሁ እሠራልሃለሁ” ትልና ታሸንፋቸዋለች። አሁን የፊታችን ቅዳሜ ብስራተ ገብርኤል ትልቅ ውድድር አለ፤ የራሱን ላፕቶፕ ያልያዘ አይገባም። እሷም ዓመቱን ሙሉ ያንተን ላፕቶፕ ስትጠብቅ ነበር።

ባለፈው ሳምንት የጎረቤታችን የሐሚዳ ወንድም ሸምሱ ከዱባይ መጣ። የላክኸው ነገር ይኖራል ብዬ ጫማዬን እንኳ በደንብ ሳልጫማ ሮጥኩ። “ፍሮምሳማ ምን ይሆናል!” አለኝ ሳቅ ብሎ። “ቤቱ ጋብዞኝ ምሳ በላሁ። ልጁ እንዴት አድጓል ባክሽ! አባቱ በገዛለት ላፕቶፕ ጌም ሲጫወት ነው ያገኘሁት። ያ ስክሪን ደግሞ! ምስሉ ቅቤ ላይ የሚንሸራተት ነው የሚመስለው።”

ሐሚዳ በጠረጴዛው ሥር እግሩን ስትረግጠው አየሁ። ሸምሱ ቀልቡ ተገፈፈ። እኔ የልጁን ዕድሜ አልጠየቅሁም፣ የእናቱንም ስም አልጠየቅሁም። “ሐሚዳ፣ ሻይ ጨምሪልኝ” አልኩ። ዞር ስል ለሊሴ በሩ ላይ ቆማለች። ሰምታ እንደሆነ አላወቅሁም፤ እሷም አላነሳችው፣ እኔም አላነሳሁባት።

በማግስቱ ላሚቱን ሸጥኩ። አዎ፣ እናትህ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ለሰርጋችን ከሰጡን ጊደር ዘር የቀረችውን። የሰርግ ላም ባልና ሚስት ሳይመክሩ ከግቢ እንደማትወጣ አላጣሁትም። የገዟት አቶ ሁንዴሳም ገመዷን ከመቀበላቸው በፊት፣ “ልጄ፣ ፍሮምሳ ያውቃል ወይ?” ብለው ጠየቁኝ። “ያውቃል” አልኳቸው። ይኸው አወቅህ፤ ከውሸት አወጣኸኝ።

ወደ ሱቁ ልመልስህ። ዋጋቸው እኩል የሆነ ሁለት ላፕቶፕ አቀረቡልን። አንዱ ያንተ አዳፕቲቭ ሲንክ አለው፣ ግን የምስል ካርዱ ደካማ ነው። ሌላው ያ የለውም፣ ካርዱ ግን ጠንካራ ነው። ለሊሴ አስረዳችኝ፤ “ካርዱ ይሥላል፣ ስክሪኑ ያሳያል። ሁለቱ በየራሳቸው ፍጥነት ሲሄዱ ግማሹ የአሁኑ፣ ግማሹ ያለፈው ምስል አብሮ ይወጣል፤ አንቺ ያየሽው እሱን ነው። አዳፕቲቭ ሲንክ ያለው ግን ካርዱ ሥሎ እስኪጨርስ ይጠብቀዋል።”

“እሱን ነዋ የምንወስደው! ታጋሽ ዕቃ የት ይገኛል?” አልኩ።

“እማዬ፣ እሱ የሚጠቅመው ካርዱ አንዴ ሲፈጥን አንዴ ሲለግም ነው። እኔ የምጫወተው ጌም ቀላል ነው፤ የማይለግም ካርድ ይበቃኛል። ደግሞ ስክሪኑም መጠበቁ ልክ አለው። ካርዱ ከዚያ በላይ ከዘገየበት ይተወዋል።”

“ቢቀደድብሽስ?”

“ይቀደድ። ለምጄዋለሁ።”

ይህን ስትል ፊቴን አላየችም። ያኔ በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም እንደሰማች ገባኝ። ጠንካራውን ካርድ ገዛን። ታክሲ ውስጥ ካርቶኑን እንደ ሕፃን እንዳቀፈችው ቤት ደረስን።

ለትንሹ ልጅ ግን ጥሩውን ስክሪን እንኳን ገዛህለት። እሱ ምን አጠፋ?

ይህን ደብዳቤ ሸምሱ ያደርስልሃል። በስልክ ያልነገርኩህ ሳቅህን ስሰማ ያሰብኩት ሁሉ ስለሚጠፋብኝ ነው። እግዚአብሔር ጤና ይስጥህ። አጠገብህ ላሉትም፣ ለትልቋም ለትንሹም ጤና ይስጥልኝ። ክረምቱ አልፎ እዚህ ብርዱ ገብቷል፤ የተውከውን ካፖርት ለሊሴ እየለበሰችው ነው፣ ትከሻው ልኳ ሆኗል።

ቅዳሜ ብታሸንፍም ብትሸነፍም ከውድድሩ እንደተመለስን ቁጭ ብዬ እጽፍልሃለሁ፤ አባቷ ነህና ማወቅ ይገባሃል። መልስህን ግን አልጠብቅም።

ገላኔ፣ የለሊሴ እናት