ከቀኝ እጄ በቀር

ይድረስ ለውዱ ባለቤቴ፤ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ከናፍቆትህና ከቀኝ እጄ በቀር ደህና ነኝ።

እጄን የሰበርኩት በስፌት ቤታችን ጨርቅ ቆራጭ ሰውዬ መንጋጋ ላይ ነው። «ቪዛሽ ከምን ደረሰ?» አለኝ። እንደ ወትሮዬ «በሂደት ላይ ነው» አልኩት። «ሂደት እያልሽ አታቆላምጪው፤ ሄዷል በይ» ብሎ ሳቀ። የጋለውን ካውያ ወረወርኩበት፤ ትከሻውን ጠበሰው። ሲወድቅ ደረቱ ላይ ወጥቼ ጥርሱ እስኪረግፍ በቡጢ ነረትኩት። መቀሱንም አንስቼ ነበር፤ ሴቶቹ ተረባርበው ነጠቁኝ፣ እግዜር ይስጣቸው።

እናትህ ፖሊስ ጣቢያ መጥተው በዋስ አስፈቱኝ። «ምን ቢልሽ ነው እንዲህ ያረግሽው?» ቢሉኝ «ጨርቅ አበላሽቶብኝ ነው» አልኳቸው።

ለካ አልነገርኩህም፤ በጠቡ ዋዜማ ኤምባሲ ሄጄ ነበር። በመስኮቱ ያለችው ልጅ «በኛ በኩል ካለቀ ቆየ፤ የቀረው የባልሽ ፊርማ ብቻ ነው። ደጋግመን ጽፈንለታል» አለችኝ። መቼም ሥራ በዝቶብህ ይሆናል።

ጃኬትህን አጥቤ ሰቅዬልሃለሁ። እናትህ ግን «በይ ልጄ፣ ሰውየውን ይቅርታ ጠይቂው» እያሉ መቆሚያ መቀመጫ አሳጥተውኛል። ልጠይቀው ወይስ ልተወው? መልሱ ያለው አንተ ጋ ነው።

ፊደሌ ቢንጋደድ አትታዘበኝ።

በግራ እጇ የጻፈችልህ፣
ሚስትህ