“ቤተሰብ” የተባለውን የፊልም ፌስቲቫል የመሠረቱት የአቶ ይገዙ ኃይለ ማርያም የሕይወት ታሪክ

አቶ ይገዙ ኃይለ ማርያም ከአባታቸው ከአቶ ኃይለ ማርያም ወልዴ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዕፀ ሕይወት በላቸው በወሎ፣ ኮምቦልቻ ከተማ፣ በኅዳር ወር 1961 ዓ.ም. ተወለዱ። ይህን የምጽፈው ታላቅ እህታቸው ዓለምጌጥ ነኝ። አዝዬ ያሳደግኩትን ልጅ ዛሬ “እሳቸው” እያልኩ መጻፌን ቢሰሙ ኖሮ ሆዳቸውን ይዘው ይስቁብኝ ነበር፤ ወጉ ግን ወግ ነው።

ከማረፋቸው በፊት ስለዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ አደራ ብለውኛል። ነጋን “ጓደኛ” ብለሽ እንዳትጽፊው አሉኝ። በዚህ አደራ የተነሣ ቤተሰባችን ብዙ ተባብሏል። እስከዚያ ግን ታሪኩ በቅደም ተከተሉ ይሂድ።

አቶ ይገዙ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በኮምቦልቻ፣ ሁለተኛ ደረጃን በደሴ ተከታትለዋል። ቀጥሎም አዲስ አበባ ሄደው የኤሌክትሪክ ሙያ ተማሩ። ኮምቦልቻ ሲመለሱ የተቀጠሩት በአንድ ቪዲዮ ቤት ነበር። እዚያም እንግሊዝኛ ለማይሰማው ተመልካች ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆመው ፊልሙን በአማርኛ ያስረዱ ነበር። ተዋናዩ ሲያለቅስ አብረው ስለሚያለቅሱ ትርጉሙ ብዙ ጊዜ መሀል ላይ ይቋረጣል፤ በዚህ የተቆጣ ሰው ግን አልነበረም።

በ1998 እ.ኤ.አ. ዲቪ ደርሷቸው ወደ ቴክሳስ መጡ። መጀመሪያ ሮውሌት ከተማ፣ ቀድሜያቸው በመጣሁት በእኔ ቤት፣ በኋላም ኧርቪንግ ከተማ ኖሩ። ኤርፖርት ሻንጣ ሲጭኑ ቆይተው፣ እዚያው አቅራቢያ ባለ ሆቴል ለኩባንያዎች ስብሰባ ስክሪንና ድምፅ የሚያዘጋጁ ሠራተኛ ሆኑ። ወንድ የሚወዱ ወንድ መሆናቸውን የነገሩኝ በዚያው ዘመን፣ መኪና እየነዱ፣ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሡ ነው። ወንድሜ ናቸው፤ ምን እላለሁ? ቀስ ብለህ ንዳ አልኳቸው።

በዚያን ጊዜ እርሳቸውና ወዳጆቻቸው የራሳቸውን ሕይወት የሚያሳይ ፊልም የሚያዩት ቤት ውስጥ፣ መጋረጃ ዘግተው ነበር። አቶ ይገዙን ይህ አላስቻላቸውም። የሚሠሩበት ሆቴል ትልቁ አዳራሽ በሚታጠፍ ግድግዳ የተከፋፈለ ስለሆነ፣ በ2006 እ.ኤ.አ. ከክፍሎቹ ትንሿን ለአንድ እሑድ ከሰዓት ተከራዩ። መግቢያው ላይ የሚጻፍ የዝግጅት ስም ሲጠየቁ ፈራ ተባ ብለው “የይገዙ ቤተሰብ” አስጻፉ።

ይህን ያነበቡ ያገራችን ልጆች፣ የኤርፖርት ሾፌሮች፣ የአበሻ ቤተሰብ ያለ ሙዚቃ አዳራሽ ይዞ ከተሰበሰበ ሰው ሞቶበት ነው ብለው ደመደሙ። እንደ ልማዳችን የታሸገ ውሃ በካርቶን ተሸክመው፣ ፊታቸውን አጨፍግገው ገቡ። አቶ ነጋ ጥላሁን ከነርሱ አንዱ ነበሩ። ወንድሜን እቅፍ አድርገው፣ “ሶሪ፣ አሁን ነው ኮል ያደረጉልኝ፤ ማን ነው ያረፈው?” አሏቸው። ማንም እንዳልሞተና ፊልም ሊታይ እንደሆነ ሲሰሙ ሌሎቹ ውሃውን አስቀምጠው ሹልክ አሉ። አቶ ነጋ ግን፣ “ኦኬ፣ አንዴ ፓርክ አድርጌያለሁ” ብለው ተቀመጡ። ፊልሙ አልቆ መብራት ሲበራ እያለቀሱ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ አልተለያዩም።

ውሃውም ልማድ ሆኖ ቀረ። እስከ ዛሬ ድረስ ለፌስቲቫሉ የሚመጣው አሜሪካዊ ካርቶን ውሃ ይዞ ነው የሚገባው፤ ለምን እንደሆነ ብትጠይቁት አያውቅም።

በሚቀጥለው ዓመት ሰው ቆሞ ስላየ አንዱ ግድግዳ ታጠፈ። ከዚያ ሌላው። ግድግዳውን እየገፉ የሚያጥፉት ራሳቸው አቶ ይገዙ ነበሩ፤ ሥራቸው ነውና። በመጨረሻ የሚታጠፍ ግድግዳ አለቀና አዳራሹ ከዳር እስከ ዳር ሞላ። እኔ በር ላይ ትኬት እየተቀበልኩ፣ ይህ ሁሉ ሰው እስከ ዛሬ የት ተደብቆ ነበር እያልኩ በመገረም አያለሁ። ሽማግሌዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው ይገባሉ። ልጃቸውን አጅበው የመጡ እናትና አባት አሉ። ዴንተን ከተማ የሚማሩ ተማሪዎች የሠሯቸውን አጫጭር ፊልሞች ይዘው ሲመጡ ፌስቲቫሉ ወደዚያም ተሻገረ፤ በ2014 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዳላስ ውስጥ ትልቅ ሲኒማ ቤት ገባ። ከብራዚል፣ ከህንድ፣ ከኬንያ ፊልም ይላክ ጀመር። ስሙ ግን “ቤተሰብ” እንደተባለ ቀረ። ፈረንጆቹ “ቤቴሳብ” ይሉታል፤ ወንድሜ ለማረም ሞክረው ተስፋ ቆርጠዋል።

በ2015 እ.ኤ.አ. ሕጉ ሲፈቅድ አቶ ይገዙና አቶ ነጋ ዳላስ በፍርድ ቤት ጋብቻቸውን ፈጸሙ። እናታችን ይህን ሲሰሙ ለወራት ስልክ አላነሡም። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ልጄን ልየው ብለው ከኮምቦልቻ መጡና ፌስቲቫሉ ላይ ከፊት ተቀመጡ። ወንድሜ መድረክ ላይ ሲወጡ ያ ሁሉ ሕዝብ ተነሥቶ አጨበጨበ፤ እናታችንም ግራ ተጋብተው አብረው ተነሡ። “ይሄ ሁሉ ሰው የልጄ እንግዳ ነው?” ብለው ጠየቁኝ። ነው አልኳቸው። “ታዲያ ምን በልቶ ሊሄድ ነው?” አሉ። በማግስቱ አቶ ነጋን አጠገባቸው አስቀምጠው የት እንደተወለዱና የማን ልጅ እንደሆኑ ሲጠይቁ ዋሉ።

አቶ ይገዙ በ2024 እ.ኤ.አ. የቆሽት ካንሰር ተገኘባቸው። አቶ ነጋ የሾፌርነት ሥራቸውን አቁመው፣ እያጠቡ፣ እያጎረሱ አስታመሟቸው። በዚያው ዓመት መጸው በተሽከርካሪ ወንበር ወደ ፌስቲቫሉ መጥተው ከመጨረሻው ረድፍ ኋላ ሆኑ። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ፤ ፊልሙን ትተው ሰዉን ነበር የሚያዩት። የካቲት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ እ.ኤ.አ. ማርች 9 ቀን 2025፣ በተወለዱ በሃምሳ ስድስት ዓመታቸው በቤታቸው አረፉ።

ይህ ወረቀት ከመታተሙ በፊት ዘመድ ተሰብስቦ ነበር። “ጓደኛ” ቢባል ምን አለበት፣ ነገሩ አገር ቤት ይሰማል ተባለ። ክፋት አልነበረም፤ ፍርሃት ነው። እኔም አደራዬን ይዤ እንቢ አልኩ። ነገሩ ሲከርር ኮምቦልቻ ተደወለ። እናታችንም፣ “ያስታመመው ማን ነው? ዓይኑን የከደነው ማን ነው? ባለቤቱን ጓደኛ ብላችሁ እኔን እንዳታሳፍሩኝ” አሉ። ወረቀቱም እንደ አደራው ታተመ።

አቶ ይገዙ እናታቸውን ወይዘሮ ዕፀ ሕይወትን፣ እኔን እህታቸውን፣ የሚሳሱላቸውን የእህታቸውን ልጆች እና ስማቸውን ዘርዝሬ የማልጨርሳቸውን ወዳጆች ትተው አልፈዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን በምሕረቱ ተቀብሎ በቀኙ ያኑርልን።

ለቀስተኞች ሆይ፣ ወደ ፊት ስታልፉ “እግዜር ያጥናዎ” የምትሏቸው፣ ከሣጥኑ አጠገብ የተቀመጡት ባለቤታቸው አቶ ነጋ ጥላሁን ናቸው።