የአቦይ ተኽለ አሜን

ጥር 10፣ እሑድ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል

ዛሬም ማንም የለም። ለእሑድ አምልኮ ክፍሌ ውስጥ ስድስት ወንበር ደርድሬ አምስቱን መልሼ ደራረብኩ። ከእናት ቤ/ክ ልታግዘኝ የምትመጣው ትዕግሥት ስትቀር ሦስተኛ ሳምንቷ ነው፤ እዚሁ ናይሮቢ፣ ዌስትላንድስ የምትሠራበት ምግብ ቤት ፈረቃዋን ወደ እሑድ አዙሮባታል። የይቅርታ መልእክት ላከች፣ ከሚያለቅስ ፊት ጋር። ደብተሬ፣ ከአንተ በቀር ጉባኤ የለኝም።

10 ሰዓት። ለብቻዬ ሰበክኩ። አትሳቅብኝ። መስኮቱን ከፍቼ፣ ቆሜ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። መሃል ላይ በር ተንኳኳ፤ ሰው መጣ ብዬ ሮጬ ከፈትኩ። ዘበኛው ነው። ምድር ቤት ያሉት ሽማግሌ ይፈልጉሃል አለኝ።

ጮኽክብኝ ሊሉኝ ነው ብዬ ወረድኩ። አልነበረም። አቦይ ተኽለ ይባላሉ፤ ኤርትራዊ፣ ሰማንያ ሊሞላቸው ነው። በወጣትነታቸው ከአሥመራ አዲስ አበባ የጭነት መኪና ነድተዋል፤ አማርኛቸው ከእኔ ይሻላል። ልጃቸው ሳባ እዚሁ ኢምባካሲ የካርጎ መጋዘን ውስጥ ትሠራለች፣ እሑድንም። ቀኑን ሙሉ ብቻቸውን ናቸው። ጉልበታቸው ስለማይችል ቤተ ክርስቲያን ከሄዱ ቆይተዋል። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። ዳዊት የሚያነብላቸው ሰው ፈልገው ነው።

አነበብኩላቸው። ሁለት ጊዜ አረሙኝ፤ ለካ በቃላቸው ያውቁታል።

ጥር 17፣ እሑድ

ወንበሮቹን አልደረደርኩም። በቀጥታ ወደ አቦይ ተኽለ። ዳዊት፣ ከዚያ አጭር ስብከት። ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ፤ ይተኙ ይንቁ አላውቅም። ሲያልቅ ግን ሁሌ አሜን ይላሉ።

ፓስተር ደረጀ ደውሎ ነበር። የላከችኝ እናት ቤ/ክ መጋቢ ነው፤ አንድ ሻንጣ ይዤ ናይሮቢ ስገባ የተቀበለኝ፣ ሴሚናሪ ያስገባኝ እሱ ነው። ደንቡን አስታወሰኝ፦ እጅ ጭነው ሾመውኝ ወደ ቤተ ክርስቲያን ተከላ ከመላኬ በፊት ቢያንስ አንድ አዲስ ነፍስ ማምጣት አለብኝ። ከሌላ ቸርች የተሰረቀ በግ አይቆጠርም። የመጀመሪያ ፍሬ ይለዋል። የሴሚናሪው የተግባር ልምምድ ሪፖርት ዓርብ ጥር 29 ይገባል። ካልሆነ ለሚቀጥለው ዓመት። ሦስት ዓመት ሙሉ የጸለይኩበት ነገር በአንድ ሰው ተንጠልጥሏል።

ጥር 24፣ እሑድ፣ 11 ሰዓት

ጻፍ ደብተሬ! አቦይ ተኽለ ጌታን ተቀበሉ። ከንባቡ በኋላ ጠየቅኳቸው፦ አብረን እንጸልይ፣ እኔ የምለውን ይበሉ። እሺ አሉ። ቃል በቃል ተከተሉኝ። አሜን አሉ። የለመንኩትን እግዚአብሔር ሰማኝ፤ ቤ/ክ አለችኝ!

ጥር 29፣ ዓርብ፣ ከሰዓት

ሪፖርቱን አስገባሁ። "ጌታን የተቀበሉ" በሚለው ሣጥን ውስጥ ስማቸውን ከነአባታቸው ስም ጻፍኩ። እስክሪብቶው ትንሽ ቆመብኝ፣ ለምን እንደሆነ አልመረመርኩም። ለሳባ መንገር ነበረብኝ? ጊዜው ሲደርስ ራሳቸው ይነግሯታል።

የካቲት 3፣ ማክሰኞ

ማታቱ ታክሲ ውስጥ እያለሁ ደረጀ ደወለ። እሑድ ለጉባኤው ተናግሮት ሰው ሁሉ እልል ብሏል። እጅ የሚጫንብኝ መጋቢት 6 ነው። ጎኔ የተቀመጠች ሴት ለምን እንደማለቅስ በስዋሂሊ ጠየቀችኝ። ደስታ ነው አልኳት። ደስታ ነበር? ግማሹ።

የካቲት 15፣ እሑድ

የወተት ሻይ በቴርሞስ ይዤላቸው ሄጄ ነበር። ጾም ነው ወደይ፣ ብለው በትህትና መለሱልኝ። ወደይ ማለት በእነሱ ልጄ ማለት ነው። ሁዳዴ ከገባ ሳምንቱ። በአዘቦት ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ አይቀምሱም። ያስላቸዋል። አቦይ፣ በሽተኛ አይጾምም አልኳቸው። ሳቁብኝ።

ሻዩን ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ብቻዬን ጠጣሁት። ስለ ሪፖርቱ ማሰብ አልፈለግኩም።

የካቲት 19፣ ሐሙስ

ሆስፒታል ገቡ። ሳንባ ምች። ሳባ ከሥራ በቀጥታ መጣች፣ የመጋዘኑን አንጸባራቂ ሰደርያ እንደለበሰች። አንተ ነህ እንዴ የምታነብለት፣ እግዜር ይስጥልኝ አለችኝ። ዓይኗን ማየት አቃተኝ። ዳዊቱን አነበብኩ። ስሳሳት አላረሙኝም።

የካቲት 21፣ ቅዳሜ፣ ጠዋት 4 ሰዓት

አረፉ። ንጋት ላይ።

ደብተሬ፣ አባቴ ሲቀበር አላለቀስኩም ነበር፤ አልደረስኩም። ዛሬ ለሁለቱም አለቀስኩ።

የካቲት 22፣ እሑድ፣ 8 ሰዓት

ምን ላድርግ። ምን ላድርግ።

ለቅሶ ቤቱ ሞልቶ ነበር። የኦርቶዶክሱ ቄስ ሳባ አጠገብ ተቀምጠዋል፤ የፍትሐቱን ሰዓት እየተነጋገሩ ነው። ደረጀ ከአሥር ከሚሆኑ ምእመናን ጋር ገባ። አልጠራሁትም፤ ሰምቶ ነው የመጣው። ሳባን አጽናናት። ከዚያ፣ በቅን ልቡ፣ አባትሽ የቤተ ክርስቲያናችን የመጀመሪያ ፍሬ ናቸው፣ መዘምራኖቻችን ተዘጋጅተዋል፣ በክብር እንሸኛቸዋለን አላት።

ቄሱ መስቀላቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱ። ሳባን ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ሃይማኖቱን ትቶ ከሆነ ፍትሐት ልፈታለት አልችልም፣ አጣሪና ላኪብኝ ብለዋት ወጡ።

እሷም ወደ እኔ ዞረች። አልጮኸችም።

"አንተ ልጅ፣ አባቴ ምን አለህ?"

አሜን ብለዋል አልኩ። እኔ እንደዚህ አልኩ። ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ሰማንያ ዓመት የኖሩበት ሃይማኖት ያለ ፍትሐት ሊሸኛቸው ነው፣ በአንድ አሜን።

10 ሰዓት። ደረጀ ውጭ ያዘኝ። አብረው ጸልየዋል አይደል? ልብን የሚያውቅ ጌታ ነው፣ አትጨነቅ አለኝ። እሱን ማመን ብችል እንዴት ጥሩ ነበር።

የካቲት 23፣ ሰኞ፣ ጠዋት 12 ተኩል

አልነገርኩህም ነበር። ለአንተ እንኳ፣ ደብተሬ። ያን እሑድ ጸሎቱን ተከትለውኝ አሜን ካሉ በኋላ አማተቡ። በስመ አብ ብለው፣ ቀስ አድርገው። ከዚያ ጭንቅላቴ ላይ እጃቸውን አድርገው መረቁኝ፦

"እመቤቴ የልብህን ታድርስልህ፣ ወደይ።"

አየሁ። ሰማሁ። እቤቴ ወጥቼ "ጌታን ተቀበሉ" ብዬ ጻፍኩ፣ በቃለ አጋኖ። ሽማግሌው ጸሎት እምቢ አይባልም ብለው ነው የተከተሉኝ። እንግዳ ልጅ በቤታቸው ጸልዩ ሲላቸው ምን ይበሉ? ከዚያም የልቤን መሻት ከእመቤታቸው ለመኑልኝ። እኔ ደግሞ ስማቸውን ሣጥን ውስጥ ከተትኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ። እኔ ያፈሰስኩት የሚለቀም አይደለም።

ቀብሩ ነገ ነው። ቄሱ ዛሬ ካልሰሙ በቃ። ከነገርኳቸው መጋቢት 6 የለም፤ ምናልባት ሴሚናሪም የለም። ጫማዬን አድርጌያለሁ። እዚህ ቁጭ ብዬ እየጻፍኩ ነው።

ሄድኩ።

5 ሰዓት። በማታቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ። ቄሱ ከጸሎት ወጥተው ግቢ ውስጥ አገኘኋቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው፦ ማማተባቸውን፣ ምርቃቱን፣ የተመለሰውን ሻይ፣ ሪፖርቱን። ቆመው ሰሙኝ።

"ለምን ጻፍከው ታዲያ?"

"ቤተ ክርስቲያን ልጀምርበት፣ አባ።"

ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር። አልተቆጡም። ዲያቆኑን ጠርተው ለሳባ ደውል፣ ነገ በሦስት ሰዓት እንፈታለን በላት አሉት። እስክወጣ ድረስ በሩ ጋ ቆመው ነበር።

7 ሰዓት። ለደረጀ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኩት። አንተን ተወው፣ ለጉባኤው ምን ብዬ ልናገር ነው አለ። ድምፁ የታመመ ሰው ድምፅ ነው። ያሳደገኝን ሰው አዋረድኩት።

የካቲት 24፣ ማክሰኞ

ተፈታላቸው። ከኋላ ቆምኩ። ግእዙ አይገባኝም፣ ስማቸው ሲጠራ ግን በክርስትና ስማቸው ነበር። እኔ ያላወቅኩት ስም። ስድስት እሑድ አብሬያቸው ተቀምጬ፣ አንድም ቀን አልጠየቅኳቸውም።

አፈር ስናለብስ አካፋውን ያቀበለኝ ማን እንደሆነ አላየሁም። ትንሽ አፈር ጨመርኩ።

የካቲት 29፣ እሑድ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

ጠዋት ጉባኤው ፊት ቆሜ ራሴ ተናገርኩ። ደረጀ አላስገደደኝም፤ እኔ ነኝ የለመንኩት። አንዳንዱ አቀርቅሯል። አንዲት እናት አለቀሱ። ሲያልቅ ደረጀ ትከሻዬን ያዘኝ፣ ዓመት ይቆይና ጉዳዩን እንደገና እናየዋለን አለኝ። አሁንም ልጁ ነኝ። ያ ይበልጥ አመመኝ።

ስመለስ ሳባ በሯ ላይ ነበረች። ዳዊቱን በጨርቅ ጠቅልላ ይዛለች። ለእኔ መሰለኝ፤ አልነበረም፣ ለቄሱ ልትልከው ነው። ቆምኩ። ይቅርታ ልላት አፌን ስከፍት እጇን አነሳች።

"እሑድ እሑድ ብቻውን ስላልተውከው እግዜር ይስጥህ። ከእንግዲህ ግን እዚህ ቤት አትምጣ።"

እሺ አልኳት። ወጣሁ ወደ ክፍሌ።

አሁን ለሴሚናሪው ደብዳቤ ጽፌያለሁ። አንተ ላይ ነው ያረቀቅኩት፣ ጠርዙ ላይ። ዘንድሮ ቤተ ክርስቲያን አልተክልም ይላል። ደግሜ አነበብኩት። "ዘንድሮ" የሚለውን ሰረዝኩት።